መንገዴ ነው ብዬ መካነ ሰላም ድረስ

መካነ ሰላም የት ነው እያሉ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። ለአንዷ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላዋ እየመጣች አፌ ዛለ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። ጉልበታችሁ የከዳችሁ፣ ባላችሁ የማይለቃችሁ፣ እኔ ሄጄላችኋለሁ። አገሩ ወሎ ነው፣ ከደሴ ወደ ምዕራብ ደጋ ደጋውን። ታናሽ እኅቴ ሮዛ እዚያ አግብታ ከተቀመጠች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ቤት አልመጣችም። እኔ የሄድኩት ነይ ልላት ነው። አሁን በአንድ መስመር ጻፍኩት፤ እሷ ፊት ቆሜ ለመናገር ግን አምስት ቀን ፈጀብኝ። ወሬው ይኸው ነው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማዳችን ከቅርጫቷ ወረቀት አወጣን። ለማታውቁን ልንገራችሁ፤ እኛ ጉራጌ ውስጥ እምድብር አካባቢ ያለን የማርያም ማኅበር ሴቶች በየእሑዱ የታጠፈ ወረቀት እናነሣለን። እያንዳንዱ ላይ አንድ በጎ ምግባር ተጽፏል፦ ትዕግሥት፣ ምጽዋት፣ ዝምታ፣ ትሕትና። የደረሰንን ሳምንቱን ሙሉ እንለማመዳለን፣ ለማንም አንናገርም፣ ማታ ከመተኛታችን በፊት ኅሊናችንን እንመረምራለን። ለኔ የደረሰኝ "ጭምትነት" ነበር። ደስ አለኝ። ጭምትነት እናታችን ከጡት ጋር ያጠባችን ነገር ነው፤ ዓይንሽን ሰበር፣ ድምፅሽን ዝቅ፣ ቀሚስሽን ረዘም፣ ከማዕድ መጨረሻ፣ ለራስሽ ምንም አትጠይቂ፣ የጎደለሽን ለጌታ አቅርቢ። ጓደኞቼ ትዕግሥት ደርሷቸው ሲያማርሩ እኔ ሳልፈተን ያለፍኩ መሰለኝ።

እናቴ ሰማንያን አልፋለች፤ ዓይኗም እየደከመ ነው። እሑድ እሑድ ሰው ሁሉ ሲበተን እሷ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትቀራለች፣ ከወልቂጤ የሚመጣው መኪና እስኪያልፍ። "ማንን ነው የምትጠብቂው?" ስላት "ማንንም፤ አየር እየወሰድኩ ነው" ትለኛለች። ሮዛን ጥሩልኝ ብላ አታውቅም። ሮዛ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ሰይድ ከሚባል ከወሎ የሄደ ሹፌር ጋር ተዋወቀች፤ እሱ ሙስሊም ነው። ተጋብተው አገሩ ሲገቡ እናቴ በስልክ ያለቻት "ደስ ካለሽ ይሁን፣ ስለኛ አታስቢ" ነው። እንዳትከብዳት ብላ ነው ያለችው። ሮዛ እንዴት አድርጋ እንደሰማችው ግን ማናችንም አልጠየቅናትም። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲመጣ ይደወላል። "ደህና ናችሁ?" "ደህና ነን፣ እናንተስ?" በቃ።

ለእናቴ አዲስ አበባ ጉዳይ አለኝ አልኳት። እሷም ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ቤተሰብ ሳምንት የሚበላው። "ይህ ሁሉ ለማን ነው?" ስላት "መንገድ ነው፤ ቢተርፍ ይሻላል" አለችና ፊቷን አዞረች። ያን ማታ አዲስ አበባ ካቶሊክ ሲስተሮች ዘንድ፣ በእንግዳ ማረፊያቸው አደርኩ። ኅሊናዬን ስመረምር አንድ ውሸት አገኘሁ። ጭምትነቴ ግን ሙሉ ነበር።

ሰኞ

የደሴ አውቶቡስ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ወንበሬ በመስኮት በኩል ነበር፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ "እኔ ልቀመጥበት?" ሲለኝ ለቀቅኩለት። ሰውዬው ደብረ ብርሃንን ሳናልፍ እንቅልፍ ወሰደውና ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለው። ቀና በል ማለት ነውር መሰለኝ። ጣርማ በርን በትከሻዬ ተሸክሜው አለፍኩ፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ውስጥ ተሸክሜው ገባሁ። ምሳ ላይ ሲነቃ "ስምሽ ማነው እናቴ?" አለኝ። ሴሲሊያ አልኩት። "የየት አገር ስም ነው?" አለ። የቅድስት ስም ነው፣ ካቶሊክ ነኝ ስለው ትንሽ አሰበና "ጥሩ ትራስ ነሽ" አለኝ። እኔም ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ደሴ ስንደርስ የጥቅምት ብርድ ተቀበለን። እኛ አገር ጥቅምት የመቁጠሪያ ወር ነው፤ ሁልጊዜ ማታ በየቤቱ ተራ እየተሰበሰብን እንደግማለን፤ እንሰቱ ቤቱን ስለሚከልለው ነፋስ አያገኘንም። የያዝኩት አልጋ ላይ ያለችው አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ናት። ወርጄ ጨምሩልኝ ልል ደረጃው ላይ ደረስኩና ተመለስኩ። ለጌታ አቀረብኩት፣ ካፖርቴን ለብሼ ተኛሁ። ጠዋት የሆቴሉ ባለቤት ካፖርቴን አይታ "ምነው፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ ነበረልሽ እኮ" አለችኝ።

ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁትን ስሕተት እኛ ቤት ያደገ ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ደሴ መናኸሪያ ገብቼ ዓይኔን ሰብሬ ስቆም አንድ ሹፌር "ነይ እናት፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ" አለኝ። መካነ ሰላም ነው ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ያ ሁሉ ሰው እኔን እየጠበቀ ጥያቄ ማብዛት ከበደኝና ገባሁ። ሽቅብ ወጣን፣ ጉጉፍቱን አለፍን፤ ሜዳው እስከ ሰማይ ጥግ ገብስ ብቻ ነው። እኛ አገር ዓይን አሥር እርምጃ ሳይሄድ ቅጠል ያግደዋል፤ እዚህ የሚያግደው የለም፣ ሆድ ያባባል። ካቤ ላይ አጠገቤ ያለችው ሴት "ወረኢሉ ማን ዘንድ ነሽ?" አለችኝ። ያኔ የሌላ አገር መኪና መሳፈሬ ገባኝ። አውርዱኝ ማለት እንኳ ከብዶኝ ዝም ብዬ እስከ ወረኢሉ ሄድኩ።

ሴትየዋ ከድጃ ትባላለች፤ ወረኢሉ በግና ፍየል የምትነግድ፣ የኔ እኩያ። መናኸሪያው ውስጥ ጥቅሌን አቅፌ ስቆም አይታ ተመለሰች። እውነቱን ስነግራት አፏን ይዛ ሣቀች። "አብሽሪ፣ ነገ ጠዋት ወደዚያ የሚዞር መኪና አለ። ዛሬ እኔ ዘንድ ነሽ" አለችና ጥቅሉን ከእጄ ነጠቀችኝ። ቤቷ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ወዲያው ምሳ አቀረበች። እኛ ዘንድ ጨዋ እንግዳ ሦስት ጊዜ እምቢ ሳይል አይበላም፤ ሦስተኛው ላይ "እንግዲህ እንዳታዝኑ" ብሎ ይቀርባል። አንደኛውን እምቢ አልኩ። ሁለተኛውንም እምቢ አልኩ። ከድጃ ቀሚሴን አየች፣ መቁጠሪያዬን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጾም ላይ ነሽ ለካ፤ አላህ ይቀበልሽ" ብላ ትሪውን አነሣችው።

አልጾምኩም ማለት አሁን እንዴት ይቻላል? ለኔ ክብር ስትል እሷም ከፊቴ ውኃ እንኳ አልጠጣችም። ፀሐይ ስትጠልቅ የመስጊዱ አዛን ተሰማ፤ ከድጃ ቴምር፣ ሾርባና የተፈተፈተ ትኩስ ቂጣ በቅቤ ይዛ ሮጠች። "አፍጥሪ፣ አፍጥሪ" እያለች እጄን አስታጠበችኝ። እንደዚያ ቀን የጣመኝ ምግብ የለም፤ እንደዚያ ቀንም ያፈርኩበት የለም። ያስተኛችኝ ሳዑዲ ባለች ልጇ አልጋ ላይ ነው። "አንሶላውን በየሳምንቱ አጥባለሁ፤ ድንገት ብትመጣ ብዬ" አለችኝ። ያኔ የኔ እናት ትዝ አለችኝና የኅሊና ምርመራዬን ሳልጨርስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ከድጃ ሹፌሩን በአላህ ስም አስምላው ሸኘችኝ። በመጣሁበት ተመልሰን ትክክለኛውን መንገድ ያዝን፤ በአቅስታ በኩል ወደ ምዕራብ። መንገዱ አቧራ ነው፣ ሁለት ጊዜ ለፍተሻ ወረድን። ስለ መቅደላ አምባ እንድጽፍ የጠበቃችሁኝ ካላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በሩቅ እንኳ አላየሁትም። እኔ ሳይ የነበረው በየመንገዱ ዳር የቆሙትን ሴቶች ነው፤ የሮዛ ፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ።

መካነ ሰላም ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። የሰይድ የጨርቅ ሱቅ ማንም የሚያውቀው ነበር። ሮዛ መደርደሪያው ኋላ ቆማ ጨርቅ እየለካች ነው። ወፍራለች፤ ግንባሯ የእናቴን ግንባር ሆኗል። አየችኝ። ክንድ የሚለካው እንጨት እጇ ላይ ቀረ።

"እትዬ" አለች።

መንገድ ላይ ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። "መንገዴ ሆኖ ነው፣ ሰላም ልበልሽ ብዬ" አልኩ። ጌታ ያሳያችሁ፤ ከእምድብር ተነሥቶ በመካነ ሰላም የሚያልፍ ምን ዓይነት መንገድ አለ? እሷም ሳትሥቅ "ጥሩ አደረግሽ። ካልቸኮልሽ እደሪ" አለችኝ። ተሳሳምን፣ ገበያተኛው እያየን ስለሆነ ቶሎ ተላቀቅን።

የሰይድ እናት እመት ዘሀራ ይባላሉ፤ ቤቱ የሳቸው ነው፣ ቃሉም የሳቸው ነው። እንደገባሁ በር አጠገብ ያለች ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ። "ምነው፣ ፍራሹ ላይ ቁንጫ አለ አሉሽ?" አሉኝ። ተነሥቼ ፍራሹ ላይ ወጣሁ። ቆጮውን ለሮዛ ስሰጣት ኮባውን በጣቷ ከፈት አደረገች፣ አሸተተችው፣ መልሳ ሸፈነችና ከፍ ያለ ቦታ ላይ አኖረችው። እመት ዘሀራ አይተው ዝም አላሉም። "ያገራችሁ ሰው ጉድ ነው። ይህች ልጅ ከገባች ጀምሮ ይህን እሻለሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ሰይድ ደሴ ሲሄድ ምን ላምጣልሽ ይላታል፤ የተገኘውን ትለዋለች። የተገኘውን ብሎ ነገር ገበያ ላይ የት ይሸጣል?" አሉ።

ሮዛ እምነቷን አልለወጠችም። መካነ ሰላም የኛ ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ለፋሲካ ኮምቦልቻ ድረስ ትሄዳለች፤ ሌላውን እሑድ ሁሉ ሱቁን ዘግታ ብቻዋን መቁጠሪያ ትደግማለች። እመት ዘሀራ በዚያ ሰዓት ሰው አያስገቡባትም። ማታ እኛም ሁለታችን አብረን ደገምን። "ሰላም ለኪ" ስትል ድምፅዋ ልክ የድሮው ነው፤ ልጅ ሳለን አንድ ጋቢ ለብሰን የደገምነው። ሲያልቅ "ስለማን አሳብ እንድገም?" አለችኝ። ናፍቄሻለሁ የሚለው ቃል እስከ ጥርሴ ደረሰ። "ስለ ታመሙት" አልኳት። ደገምን፣ ተኛን።

ሐሙስ

ዛሬ እንደምሄድ ማታውኑ ተናግሬ ነበር፤ ቸኩላለች እንዳይሉኝ ፈርቼ ደግሞ ሁለት ጊዜ አልቸኮልኩም አልኩና ዋልኩ። ቀኑ የእመት ዘሀራ የወዳጃ ቀን ነበር። ወዳጃ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ላይ ዱዓ የሚያደርግበት ነው። ክርስቲያኑም ይመጣል፣ በየራሱ አሜን ይላል። የቤቱ ወለል ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጫት ተበጥሶ፣ የሚጠጣው ቀሪቦ ቀርቦ፣ ከላይ በኩል ዱዓውን የሚመሩት ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ተቀመጡ።

እኛ ማኅበር ውስጥ የራስን ችግር ጮክ ብሎ መናገር የለም፤ የልብ አሳብ በልብ ይያዛል። እዚህ ግን ሁሉም በየተራው ሐጃውን፣ ማለት የሚሻውን ነገር፣ በሰው ፊት ይናገራል። አንዷ ልጇ በባሕር እየሄደ መሆኑን ተናገረች፤ ቤቱ ሁሉ አሚን አለ። አንድ ገበሬ በሬው ዓይኑን መታመሙን ተናገረ፤ እኩል አሚን ተባለለት። ማንም አልሣቀ። ተራው ወደኔ ዞረ።

"እንግዳዬ፣ ሐጃሽ ምንድን ነው?" አሉ ሼህ እንድሪስ።

"ለአገራችን ሰላም እንዲሰጥልን" አልኩ።

"አሚን" አለ ቤቱ። ሼሁ ግን ከኔ ዓይናቸውን አላነሡም። "እሱማ የሁላችን ነው። ያንቺስ?"

"የታመሙትን እንዲምርልን።"

"አሚን። ያንቺስ ልጄ?"

"ለኔ ምንም አይጎድለኝም፣ ተመስገን" አልኩ። እመት ዘሀራ ከጥግ "እንዲህ ናቸው ብዬዎት ነበር" አሉ። አንዳንዱ ሣቀ።

ሼህ እንድሪስ አልሣቁም። "ከዚያ ሩቅ አገር አራት ቀን ተጉዘሽ መጥተሽ ምንም አይጎድለኝም ትያለሽ። ለሰው መለመን ደግ ነው። ጌታ ፊት ቆሞ አንዳች አልሻም ማለት ግን እኔ እስከማውቀው የኩሩ ነው፣ የጭምት አይደለም" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ ለልጃቸው እንደሚናገሩ ነው የተናገሩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አመመኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በጎ ምግባር ብዬ የያዝኩትን ነው የነኩት። መሬቱን አየሁ። ሮዛ በሩ ላይ የእጅ ውኃ ይዛ ቆማለች፤ ነጠላ ጫማዋን አየሁት።

"እኅቴን ናፍቄያለሁ" አልኩ። ጮክ አድርጌ እንደገና አልኩት። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ናፍቄያታለሁ። መንገዴ ሆኖ አይደለም የመጣሁት። እናታችን ዓይኗ ሊጠፋ ነው። እሑድ እሑድ በር ላይ ቆማ መኪና ታያለች። ሳትታወር ሮዛ እንድትመጣላት እሻለሁ።"

ቤቱ "አሚን" አለ፣ ከሁሉም በላይ የበሬው ባለቤት። ሮዛ አላለችም። የውኃውን ማሰሮ መሬት አስቀመጠች።

"አንቺስ ሮዛ?" አሉ ሼሁ።

"እኔማ አልተጠራሁም" አለች። ዓይኗን አላነሣችም። "ስለኛ አታስቢ ነው የተባልኩት። የዚያን ለት ልጃችን አይደለሽም አሉኝ ብዬ ነው የያዝኩት። ያልተጠራ ሰው በምን አፉ ይሄዳል?"

"በዚህ አገር ስልክ የለም እንዴ?" አሉ እመት ዘሀራ። "ደውሉላት እንጂ።"

ደወልኩ። ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩትና ለሮዛ ሰጠኋት። ሮዛ በጉራግኛ ሰላም አለቻት። እናቴ እንደ ሁልጊዜው "ደህና ነን፣ አንቺስ? ባልሽስ?" አለች። ሮዛ "እትዬ እኔ ዘንድ ናት። መምጣት አለብሽ ትለኛለች" አለች። "መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራሽን እንዳትፈቺ። ስለኔ አትቸገሪ" አለቻት እናቴ። የሮዛ ፊት ሲከስም አየሁት። ሼህ እንድሪስ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ፤ ተረጎምኩላቸው። "እሳቸውም እንደናንተው ናቸዋ" አሉ።

ስልኩን ከሮዛ እጅ ወሰድኩት። "እማዬ፣ ስለኔ አትቸገሪ ማለቱን ተዪው" አልኳት። እናቴን እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። "ያን ጊዜም ይህንኑ ብለሻት ጣሉኝ ብላ ነው የቀረችው። በር ላይ ማንን እንደምትጠብቂ እኔ አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው። ለራስሽ አንድ ነገር ለምኚ። ጌታን አይደለም፤ እሷን።"

ከወዲያ ማዶ ትንፋሿ ይሰማል። ቋንቋውን የማይሰማው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ ሰይድ እንኳ ከሱቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ላየው ስል ድምፅዋ መጣ። አልጮኸችም፤ ግን ልጅ ሳለን ከእንሰቱ ማዶ እንደምትጠራን አድርጋ ስሟን ጠራች።

"ሮዛ።"

"አቤት" አለች እኅቴ።

"ነይ።"

"መጣሁ።"